ሁሉ ነገር «ወደመ» አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣

«ወደመ» የሚለው ግስ በዜና ገጾቻችሁ ላይ ከሚገባው በላይ እየተሠራበት ነው። መስኮቱ የረገፈ ትምህርት ቤት፣ ቆርቆሮው የተገነጠለ ጤና ጣቢያ፣ እስከ መሠረቱ የጋየ መጋዘን፣ ሁሉም «ወደመ» ተብለው ያልፋሉ። ልማዱ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ በሬዲዮውም በቴሌቪዥኑም የሚሰማው ያው ነው። ጋዜጣ ግን ተቆርጦ ይቀመጣል፤ ከካሳ ማመልከቻ ጋር ተያይዞ ይቀርባል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም ታሪክ ጸሐፊ ያገላብጠዋል። ስለዚህ በእናንተ ገጽ ላይ ልኩን ያለፈ ቃል ጉዳቱ ይብሳል። ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ሁሉም «ወደመበት» ከተባለ፣ በእርግጥ ባዶ እጁን የቀረው ሰው ለብቻው የሚነገርለት ቃል ማጣቱ ነው።

ወደመ ሲባል ሁለት ነገር ባንድነት መሟላት አለበት። አንደኛ ጉዳቱ ነገሩን በሙሉ ይዞታል፤ ሁለተኛ ነገሩ ተጠግኖ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ አይመለስም። ሪፖርተሩ ቦታው ላይ ቆሞ «ይህ ነገር ተጠግኖ ያገለግላል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱ «አዎ» ከሆነ ትክክለኛው ግስ ተጎዳ ነው፤ ጉዳቱ ከፍ ካለ ደግሞ ክፉኛ ተጎዳ፣ ወይም ከነአካቴው ክፍሉ ተጠቅሶ ጣሪያው ተገነጠለ፣ አንዱ ግድግዳ ተናደ ይባላል። ድልድይ አንድ ምሰሶው ተሰንጥቆ ተሽከርካሪ ማስተላለፍ ቢያቆም አልወደመም፤ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። አንባቢው ከዚህ የሚጠብቀው መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ነው። «ድልድዩ ወደመ» ብሎ ያነበበ ሰው ግን አዲስ ድልድይ እስኪሠራ ዓመታት እንደሚጠብቅ ይረዳል።

የሕንፃ ጉዳት የሚመዝኑ መሐንዲሶች ይህን ልዩነት በደረጃ አስቀምጠውታል። ለመሬት መንቀጥቀጥ በ1998 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የአውሮፓ መለኪያ ጉዳትን ከ1 እስከ 5 ይመድበዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ግድግዳዎች ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። በሁለተኛው ብዙ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ልስን በትልቁ ይረግፋል። በሦስተኛው ስንጥቁ ሰፊና ረጅም ይሆናል። በአራተኛው ግድግዳ ይወድቃል፣ ጣሪያና ወለል በከፊል ይደረመሳል። ሕንፃው በሙሉ ወይም ጥቂት ሲቀረው ሲፈርስ ደረጃው አምስተኛ ነው፤ ወደመ የሚለው ቃል ቦታውም ይኸው ነው። አራቱን ደረጃዎች ዘሎ ሁሉን በአምስተኛው መጥራት ዜናውን ከባለሙያው ሪፖርት ጋር ያጣላዋል።

«በከፊል ወደመ» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ይወጣልና ጠጋ ብለን እንየው። ነገሩ አንድ ወጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ቤት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ድልድይ ከሆነ፣ «በከፊል ወደመ» እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል ነው፤ ወደመ ሙላትን ስለያዘ ከፊልን አያስተናግድም። ነገሩ ከብዙ ክፍል የተሰበሰበ ሲሆን ግን፣ ማለትም ገበያ፣ ከተማ፣ ሰብል፣ መዝገብ ቤት፣ ክፍሉን ለይቶ «የገበያው ከፊል ወደመ» ማለት ያስኬዳል። እዚህ ላይ ከፊሉ ሱቅ ተርፏል፤ ከፊሉ ጠፍቷል፤ የጠፋውም የጠፋው በሙሉ ነው። «ገበያው በከፊል ወደመ» ሲባል ግን እያንዳንዱ ሱቅ ትንሽ ትንሽ ተነክቶ እንደሆነ ወይስ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ተርፎ እንደሆነ አይለይም። «ሙሉ በሙሉ ወደመ»ም እንዲሁ ነው። ለአንድ ቤት ሲነገር ድግግሞሽ ነው፤ ለገበያ ሲነገር ግን አንድም ሱቅ እንዳልተረፈ ስለሚያስረዳ ሥራ አለው። ስለዚህ ሁለቱንም ሐረጎች በጅምላ መከልከል አያስፈልግም፤ ከፊታቸው ያለውን ስም ማየት ይበቃል።

አሁን ወደ እርባታው። ወደመ ኢተሻጋሪ ግስ ነው፤ ተሳቢ አይዝም። አድራጊውን ለማምጣት አወደመ ይባላል፤ ሌላ ሰው አዝዞ ላስደረገው አስወደመ ይባላል። «ንብረቱ ተወደመ» የሚለው አጻጻፍ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ወደመ ራሱ የተደራጊነቱን ሥራ ይሠራል፣ «ተ» መጨመር አያስፈልገውም። ስሕተቱ የሚመጣው ከተደመሰሰ፣ ከተቃጠለና ከተዘረፈ ጋር በማመሳሰል ነው። እነዚህ ግን ከተሻጋሪ ግስ ስለተነሡ «ተ» ይገባቸዋል። በስሙም በኩል «የመንገዱ መውደም» እና «መንገዱን ማውደም» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሁኔታውን፣ ሁለተኛው ድርጊቱን ይናገራል። «በመንገዱ ላይ ከፍተኛ ውድመት ደረሰ» የሚለው ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ነው። «ከፍተኛ» ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አይነግረንም፤ «ደረሰ»ም ማን እንዳደረሰው አይነግረንም።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢተሻጋሪ ግስ ተጠያቂውን ከዐረፍተ ነገሩ ያስወጣል። «በግጭቱ ምክንያት 60 ቤቶች ወደሙ» ሲባል ቤቶቹ በራሳቸው የፈረሱ ይመስላል፤ «በ» የሚለው ቃልም ግጭቱን እንደ ዝናብና እንደ ነፋስ የማንም ሥራ ያልሆነ ነገር ያደርገዋል። ያቃጠለው ወገን ማንነቱ ተረጋግጦ ከሆነ «አቃጠሉ፣ አወደሙ» ተብሎ ከነባለቤቱ ይጻፍ። ካልተረጋገጠ ደግሞ «ማን እንዳቃጠላቸው ገና አልታወቀም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር። ዝም ብሎ «ወደሙ» ማለት ሁለቱንም አያደርግም። በሌላ ወገን ሆን ተብሎና በሕግ መሠረት ለሚደረግ ማስወገድ ወደመን መጠቀም ሌላ ብዥታ ይፈጥራል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት «ወደመ» ከተባለ አንባቢው አደጋ የደረሰ ይመስለዋል። «ተቃጥሎ ተወገደ» ወይም «እንዲወገድ ተደረገ» ቢባል ግን ነገሩ ይጠራል።

የእሳት ዜና ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ወደመ አብዝቶ የሚገባው እዚያ ስለሆነ ነው፤ ዐማርኛም ለእሳት ጉዳት ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ ግስ ስላለው ነው። ተለበለበ ስንል ነበልባሉ ላዩን ብቻ ነክቶታል፤ የግድግዳ ቀለም፣ የዛፍ ቅጠል፣ የበር ጠርዝ ይለበለባል። አረረ ስንል ከሙቀት ብዛት ጠቁሯል፤ ነበልባል ላይነካው ይችላል። ከሰለ ስንል እንጨቱ ወደ ከሰልነት ተለውጧል። የከሰለ ምሰሶ ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ ሸክም የሚችለው ግን ውስጡ የቀረው ያልተነካ እንጨት ብቻ ነው። ተቃጠለ ሰፊ ቃል ነው፤ ምን ያህሉ እንደተቃጠለ ካልተጨመረበት አይለካም። ጋየ ሁሉን ጠቅልሎ የሚሄድ እሳት ነው፤ ቤት ጋየ፣ መንደር ጋየ፣ ደን ጋየ ይባላል። ዶግ አመድ ሆነ ሲባል ከአመድ በቀር የቀረ የለም። ወደመ የሚያርፈው በመጨረሻዎቹ በሁለቱ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ገበያ እሳት ተነሥቶ 40 ሱቆች ተነክተዋል እንበል። ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲቆጥሩ 12ቱ ጋይተዋል፣ 9ኙ ጣሪያቸው ወይም አንድ ወገናቸው ተቃጥሏል፣ 19ኙ ደግሞ እሳት ሳይደርስባቸው ዕቃቸው በጭስና ለማጥፊያ በተረጨው ውኃ ተበላሽቷል። «እሳቱ 40 ሱቆችን አወደመ» የሚለው አርእስት በ28 ሱቆች ላይ ሐሰት ነው። «እሳቱ 12 ሱቆችን አጋየ፤ 28ቱን ጎዳ» ቢባል ቦታ አይፈጅም፤ እውነትም ይሆናል። ቀሪው ዝርዝር በዜናው አካል ይገባል። በተለይ በጭስና በውኃ የተበላሸው ለብቻው ቢነገር ጥሩ ነው። ዱቄትና ስኳር በውኃ ቢበላሽ እሳት ከበላው እኩል ኪሳራ ያመጣል፤ ባለ ሱቁ ግን ሕንፃው ስለተረፈለት ቶሎ ሥራ መጀመር ይችላል።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። ሕንፃው ቆሟል ተብሎ «ተረፈ» ይባላል። ብረት ባይቃጠልም ሙቀቱ ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ኮንክሪትም ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ እየደከመ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ወደ ሮዝነት ያደላ ቀለም ያመጣል። ውጭው ደህና የሚመስል ፎቅ በመሐንዲስ ሲመረመር «አያገለግልም፣ ይፍረስ» ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ ወደመ ማለት ተገቢ ነው። እስከዚያ ግን «ጉዳቱ እየተመረመረ ነው» ይበቃል።

ከእሳት ዜና ሳልወጣ ስለ ገንዘብ ግምት አንድ ልጨምር። «ግምቱ 30 ሚሊዮን ብር የሆነ ንብረት ወደመ» ሲባል ግምቱን የሰጠው ባለቤቱ ነው? ፖሊስ ነው? የኢንሹራንስ ገማች ነው? የተገመተውስ የተገዛበት ዋጋ ነው ወይስ ዛሬ መልሶ ለመግዛት የሚያስፈልገው? የሦስቱ ግምት ብዙ ጊዜ አይገጥምም። «እንደ ባለንብረቶቹ ግምት» የሚል ሐረግ መጨመር ቀላል ነው። ቁጥሩ ተበላሽተው ሊሸጡ የሚችሉ ዕቃዎችንም የሚጨምር ከሆነ «የወደመ» ሳይሆን «ጉዳት የደረሰበት» ንብረት ግምት ነው።

ሰብል ደግሞ የራሱ ግሶች አሉት፤ ገበሬው ሲናገር አያሳስታቸውም። በረዶ መታው፣ ውርጭ መታው፣ ዋግ መታው፣ አረም ዋጠው፣ አንበጣ ወረረው፣ ተምች ገባበት፣ ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው፣ ውኃ ተኛበት ይላል። እያንዳንዱ ግስ ጉዳቱ ከየት እንደመጣና ተስፋ እንዳለ እንደሌለ ይጠቁማል። ጎርፍ ጠርጎ የወሰደው ማሳ አፈሩም አብሮ ሄዷልና ወደመ ሊባል ይችላል። ውኃ የተኛበት ግን ውኃው ቶሎ ከተቀየሰ ሊያገግም ይችላል፤ «200 ሄክታር ሰብል በውኃ ተጥለቀለቀ» ብሎ ውጤቱን ከሳምንት በኋላ መዘገብ ይሻላል። በዋግ የተመታ ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው ይቀጭጫል፣ ምርቱ ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚታወቀው ሲወቃ ነው። ተምች የገባበት በቆሎ ቅጠሉ ወንፊት ቢመስልም የሚያድግበት እምቡጥ ካልተበላ እንደገና ያቆጠቁጣል። አንበጣ የወረረው ማሳ ዕጣ የሚወሰነው በሰብሉ ዕድሜ ነው፤ ገና ቡቃያ ሳለ ከተበላና የዝናቡ ወቅት ካላለፈ እንደገና ይዘራል፤ ፍሬ ይዞ ሊታጨድ ሲል ከተበላ ግን ዘመኑ አለፈ። ለሁለቱም «ሰብል አወደመ» ከተባለ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ዘር ይላክ ወይስ እህል ይላክ የሚለውን ከጋዜጣው ማንም አይረዳም። ሪፖርተሩ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል፦ ሰብሉ በምን ዕድሜ ላይ ነበር? ከተነካው ማሳ ምን ያህሉ አይድንም? እንደገና ለመዝራት ጊዜ አለ?

ለሰው ሲሆን ወደመ አይሆንም። ሰው ይሞታል፣ ያልቃል፣ ይፈጃል፣ ይጨፈጨፋል። «በአደጋው 15 ሰዎችና ንብረት ወደመ» የሚል አጻጻፍ በጥድፊያ ይወጣል፤ ሰውን ከዕቃ ጋር በአንድ ግስ ማሰር ነውና ነውር ነው። «15 ሰዎች ሞቱ፤ ንብረትም ወደመ» ተብሎ ግሱ ይለያይ። አለቀ በበሽታ፣ በረኃብ፣ በውኃ ጥም ብዙ ሆኖ መሞትን ይናገራል፤ አድራጊ አይፈልግም፤ እልቂት የሚለው ስም ከዚሁ ነው። ፈጀ ግን ፈጂ አለው፤ ፍጅት ስንል ማን ፈጀ ብለን እንጠይቃለን። ጨፈጨፈ በመሣሪያ ጨፍጭፎ መጣል ነው፤ ለዛፍም ለሰውም ይነገራል፤ «የደን ጭፍጨፋ» ስንል ቆራጭ እጅ እንዳለበት ስለምናውቅ «ደን ወደመ» ከማለት የጠነከረ ነው። ዘሩ ያለቀበት ቤተሰብ ደግሞ «ቤቱ ተዘጋ» ይባላል፤ «ቤተሰቡ ወደመ» አይባልም።

አለቀ ለከብትም ይሠራል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በክፉ ቀን ዘመን የአገሪቱን አብዛኛውን የቀንድ ከብት የፈጀው ደስታ የሚባለው በሽታ ነበር፤ በምጽዋ በኩል ጣልያኖች ባስገቧቸው ከብቶች መጣ፤ በሬ ስላለቀ ማሳ ጦም አደረ፤ ሰውም ተከትሎ አለቀ። ይህ ራሱ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ከበሽታዎች ሁሉ እንዲህ ከምድረ ገጽ ጠፉ ተብለው የታወጀላቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌላው በ1980 እ.ኤ.አ. የታወጀው ፈንጣጣ ነው። እንግዲህ የጤና ዜና ጸሐፊ «ወረርሽኙ ተደመሰሰ፣ ድምጥማጡ ጠፋ» ከማለቱ በፊት ያስብ። በአንድ አገር መተላለፉ ካቆመ «ከአገሪቱ ተወገደ» ነው፤ የታማሚው ቁጥር ከቀነሰ «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ነው። የመጀመሪያው ቢሆንም ክትባቱ መቀጠል አለበት፤ «ጠፋ» የተባለ በሽታ ግን እናት ልጇን ለማስከተብ እንድትሄድ አያነሣሣም።

ዘር ማጥፋት የሚለው ለብቻው የቆመ የሕግ ቃል ነው፤ ለማጋነኛ አይውልም። እዚህ ላይ የተራው ግስና የሕጉ ቃል ይለያያሉ። በተራው ዐማርኛ አጠፋ ስንል ምንም አላስቀረም ማለታችን ነው። በዲሴምበር 1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በጁላይ 1949 እ.ኤ.አ. ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን የሚጠይቀው አንድን ቡድን «በሙሉ ወይም በከፊል» የማጥፋትን ሐሳብ ነው። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 269 ላይም ወንጀሉ ሰፍሯል። ስለዚህ «ሁሉም ስላልሞቱ ዘር ማጥፋት አይባልም» ብሎ መጻፍ የሕጉን ቃል በተራው ግስ መለካት ነው፤ የሟቹ ቁጥር ስለበዛ ብቻ «ዘር ማጥፋት ነው» ብሎ መጻፍም ሕጉ የሚፈልገውን ሐሳብ መዝለል ነው። ዜናው ቃሉን የተጠቀመው ማን እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት ነው፣ መርማሪ አካል ነው፣ ከሳሽ ነው፣ ለይቶ ይናገር።

ደመሰሰ የሚባለው ግስ ከወደመ ጋር ጎረቤት ቢሆንም አመጣጡ ሌላ ነው። የግእዙ ደምሰሰ የተጻፈን መፋቅ፣ ምልክትን ማጥፋት ነው፤ በመዝሙረ ዳዊት «መተላለፌን ደምስስ» የሚለው ጸሎት በደልን ከመዝገብ እንደሚፋቅ ጽሑፍ ያየዋል። ስለዚህ ደመሰሰ ዱካ እንዳይቀር ማጥፋት ነው። ለስም፣ ለአሻራ፣ ለማስረጃ፣ ለጽሑፍ ከሁሉ የተሻለው ግስ እርሱ ነው። ማስረጃ ደመሰሰ ይባላል፤ ማስረጃ አወደመ ሲባል ግን ይቆረፍዳል። በኮምፒዩተር ዓለምም ይኸው ልዩነት ይጠቅማል። ፋይል ሰረዝን ስንል ኮምፒዩተሩ የፋይሉን አድራሻ ከዝርዝሩ አወጣ፤ መረጃው ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ሊቆይና በባለሙያ ሊመለስ ይችላል። ደመሰስን የሚባለው በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበት መመለስ ሲያቅት ነው።

ለሠራዊት ደመሰሰ ሲነገር ክፍሉ እንደ ክፍል መዋጋት የማይችል ሆነ፣ ተረፈ የሚባል አሰላለፍ የለውም ማለት ነው። ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆኑን ሁለት ጦርነቶች አሉ። በጥር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ራስ አሉላ የገጠሙት ወደ 500 የሚጠጋ የጣልያን ጦር ከሞላ ጎደል እዚያው አልቋል፤ ተደመሰሰ ማለት ልክ ነው። በየካቲት 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ግን የጣልያን ጦር ድል ተመታ እንጂ አልተደመሰሰም። ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ ተማረከ፣ ዋናው አዛዥ ባራቲየሪ ግን ከተረፈው ጋር ወደ ኤርትራ ሸሸ። የዐድዋ ድል ከዶጋሊ እጅግ ይበልጣል፤ የግሱ ልዩነት የድሉን ትልቅነት አይነካም። አሸነፈ፣ ድል መታ፣ በተነ፣ ማረከ፣ አስፈገፈገ እያንዳንዱ የሆነውን ይናገራል። በጦርነት ጊዜ በሚወጡ መግለጫዎች አንዱ ክፍለ ጦር በአንድ ወር ሁለቴ ሦስቴ «ተደመሰሰ» ሲባል አንባቢው ሁሉንም መግለጫ መጠራጠር ይጀምራል። ጋዜጣው ቃሉን ከመግለጫው ከወሰደ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ የተናጋሪውን ስም ይጥቀስ።

ስለ ቅርስ ስትጽፉ ተዘረፈንና ወደመን እባካችሁ አትቀላቅሉ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አምባው ተቃጠለ፤ የብራና መጻሕፍቱ፣ ዘውዱና ጽዋው ግን ተዘረፉ፤ ብዙዎቹ ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የተዘረፈ ይመለሳል፤ የወደመ አይመለስም። «የመቅደላ ቅርሶች ወደሙ» ብሎ መጻፍ ሳይታሰብ የማስመለስ ጥያቄውን መዝጋት ነው። በቅርብ ጊዜ ግጭቶች የጠፉ የገዳማትና የመስጊዶች ንዋያት ዜናም ላይ ይህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የት እንደገባ ያልታወቀ ብራና «ጠፋ» ወይም «የደረሰበት አልታወቀም» ይባል እንጂ ተቃጥሎ ካልታየ ወደመ አይባል።

በምሳሌያዊ አነጋገርም ወደመ ሌሎቹን ገፍቶ እየገባ ነው። ኢኮኖሚ ይደቅቃል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ውል ይፈርሳል፣ ምክር ቤት ይበተናል፣ ሞራል ይላሽቃል፣ ስም ይጠፋል። እነዚህን ሁሉ በወደመ መተካት ቋንቋውን ያደኸያል። የትዕይንት ጽሑፍ ወይም የዐይን ምስክር ቃል ሲሆን ደግሞ ዐማርኛ የተሰበረውን ነገር ዓይነት ጭምር የሚያሳይ አነጋገር አለው። ብርጭቆና ሸክላ እንክትክቱ ይወጣል፤ ጨርቅና ወረቀት ብጭቅጭቁ ይወጣል፤ ወንበርና እንጨት ስብርብሩ ይወጣል፤ ግንብ ፍርስርሱ ይወጣል፤ የተከመረ ዕቃ ብትንትኑ ይወጣል። አንባቢው ቃሉን ሲያነብ ነገሩን ያየዋል። ምስክሩ «ቤቴ እንዳልነበር ሆነ» ካለ «ቤቱ እንደወደመበት ተናግሯል» ብሎ ማቅናት ምስክርነቱን ማደብዘዝ ነው፤ ቃሉ እንዳለ በጥቅስ ይግባ።

ለአራሚዎቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ አወደመና አወደሰ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ ያወድማልና ያወድሳልም እንዲሁ። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ የኮምፒዩተሩ ፊደል ማረሚያ አያስቆማቸውም። ስለ ባለሥልጣን ወይም ስለ ሃይማኖት አባት በሚጻፍ ዜና እንዲህ ያለ ግድፈት ቢያልፍ ይቅርታ ተጠይቆም አይጠፋም። ገጹ ከመታተሙ በፊት ሁለቱን ግሶች በፍለጋ እያወጡ አንድ በአንድ በዐይን ማየት ነው።

በመጨረሻ የምጠይቀው ስለ ማስተካከያ ነው። አደጋ በደረሰ ዕለት የሚወጣ ዜና ብዙ ጊዜ ከዐይን እማኝ ቃል ስለሚነሣ «ወደመ» የተባለው ከምርመራ በኋላ «ተጎዳ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ «ተጎዳ» የተባለውም ይፍረስ ተብሎ ሊወሰን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማስተካከያው በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ዜና በወጣበት ገጽ፣ የዜናውን ቀንና አርእስት ጠቅሶ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ቃል ጎን ለጎን አድርጎ ቢወጣ መልካም ነው። በድረ ገጻችሁ ያለው ጽሑፍም እንዲሁ ይታረም፤ የታረመበት ቀንና የተለወጠው ቃል ከግርጌው ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ